ፊቱ የጠፋ ሳንቲም፦ የሮም ነው ወይስ የአክሱም?

ጠገራ ብር የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ቤታችሁ ካሉ፣ ሳንቲም መለየት ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ ጠይቁ። ድሮ አንድ ነጋዴ ማርትሬዛ ሲቀበል የተጻፈበትን ዓመት አያይም ነበር። ቢያይም አይጠቅመውም፤ ሁሉም ላይ ያለው 1780 ነው። ዓመቱ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ሲሆን፣ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል። ነጋዴው ታዲያ ምን ያደርጋል? በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ ድምፁን ይሰማል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ አንጥረኞቻችን «ወቄት» የሚሉት ማለት ነው። ምስሉ በመታሸት ብዛት ቢፈዝ እንኳ ሚዛኑ ይናገራል።

አሁን ከበድ ያለውን እንሞክር። እንበልና ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ውስጥ ማረሻ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አወጣ። አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ስፋቷ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። በአንድ በኩል የሰው ራስ የሚመስል እብጠት አለ፣ በሌላው በኩል መስቀል የሚመስል። ዙሪያውን የፊደል ቁርጥራጭ ይታያል፣ ግን አይነበብም። ከየት መጣች? ማን አሳተማት? ስንት ዘመን ሆናት?

እንዲህ ያለ ሳንቲም ሲገኝ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁለት አገር ላይ ይወድቃል፦ ሮምና አክሱም። እኔ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ ጥያቄውን እንደ መለኪያ ሥራ ነው የማየው። አንድ በአንድ እየለካን፣ ሊሆን የማይችለውን እየጣልን እንሄዳለን። መጨረሻ ላይ ግን የትኛውም ሚዛን የማይነግረን አንድ ነገር ይቀራል። እሱን አፈሩ ነው የሚያውቀው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቢዛንታይን» የሚባለው ማን ነው?

ስሙ እንዳያደናግራችሁ። ዋና ከተማቸው ቁስጥንጥንያ የነበረችው የምሥራቅ ሮም ሰዎች ራሳቸውን «ሮማውያን» ነበር የሚሉት። «ቢዛንታይን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ምሁራን ናቸው።

አክሱም ደግሞ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በንጉሥ እንዱቢስ ስም የራሷን ገንዘብ ማተም ጀመረች፤ በወርቅም፣ በብርም፣ ቆይቶም በነሐስ። ሥራው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ቆየ። ሁለቱ አገሮች በቀይ ባሕር በኩል ይነግዱ ስለነበር የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸውን የሠሩት የሮምን እያዩ ነው። ስለዚህ መመሳሰላቸው አይገርምም። የሚገርመው ልዩነታቸው ነው፤ እሱን ነው የምንፈልገው።

ፊቱ ቢጠፋም ክብደቱ አይጠፋም

አንድ ሳንቲም ሲያልቅ ምኑ ነው የሚያልቀው? ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወጣው። የንጉሡ ጉንጭና ፀጉር፣ የመስቀሉ መሃል መጀመሪያ ይሄዳሉ። በጠርዙ አካባቢ ያሉ ዝቅ ያሉ ፊደሎች ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ፊቱ ጠፍቶ ሁለት ፊደል የቀረበት ሳንቲም የምናገኘው ለዚህ ነው።

ግን እኮ ከፊቱ ጋር የሚሄደው ብረት በጣም ትንሽ ነው። እስቲ እናስላው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሮም ትልቁ የነሐስ ሳንቲም፣ ፎሊስ የሚባለው፣ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 18 ግራም ነው እንበል። በአንድ በኩል ያለው ቦታ 908 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከሁለቱም በኩል 0.1 ሚሊ ሜትር ቢታሽ የጠፋው 182 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። የመዳብ እፍግታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.9 ግራም ስለሆነ፣ የጠፋው 1.6 ግራም ገደማ ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። 0.1 ሚሊ ሜትር ደግሞ ምስሉን አፍዝዞ ለማይታወቅ ፊት ይበቃል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፦ መጀመሪያ መዝኑ፣ ከዚያ በካሊፐር ለኩ፣ ከዚያ ነው ማንበብ። 18 ግራም የሚመዝን ነሐስ ከሆነ የአክሱም መሆኑን መርሳት ትችላላችሁ። የአክሱም ነሐሶች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥቂት ግራም፣ አንዳንዶቹም አንድ ግራም አካባቢ። በአንድ ሚዛን ብቻ ግማሹን ጥያቄ ዘጋን ማለት ነው።

የሮምን ቁጥር እናንተ ታነቡታላችሁ

ሳንቲሙ ትልቅ ከሆነስ? ያኔ ጀርባውን ገልብጡ። በ498 ዓ.ም. አፄ አናስታስዮስ የነሐሱን ገንዘብ አሻሻለ። ከዚያ በፊት የነበረው «ኑሙስ» የሚባል አንድ ግራም የማይሞላ ፍርፋሪ ነበር፤ ሰው ትንሽ ነገር ለመግዛት በከረጢት ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። አናስታስዮስ ትልልቅ ሳንቲሞች አሳተመና ጀርባቸው ላይ ዋጋቸውን በአንድ ትልቅ ፊደል ጻፈ። የግሪክ «ም» (በእንግሊዝኛ «ኤም» የምንለው ቅርጽ) 40 ኑሙስ፣ «ክ» 20፣ ዮታ የምትባለው አንዲት ቀጥ ያለች መስመር 10፣ «ኤ» 5።

ግሪኮች ለቁጥር የተለየ ምልክት አልነበራቸውም፤ ፊደሎቻቸውን ነበር የሚቆጥሩባቸው። አሁን የግዕዙን ቁጥር አስቡ፦ ፩፣ ፪፣ ፫ ... ፲፣ ፳፣ ፵። ከየት የመጡ ይመስላችኋል? መነሻቸው እነዚሁ የግሪክ ፊደሎች ናቸው። ፲ ዮታ ናት፣ ፳ የግሪኩ «ክ»፣ ፵ የግሪኩ «ም»። በዘመናት ውስጥ ቅርጻቸው ተለወጠ፣ ከላይና ከታች ሰረዝ ተጨመረላቸው፤ ዘራቸው ግን ያው ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ በግዕዝ ቁጥር የምትቆጥሩ ልጆች የአናስታስዮስን ሳንቲም ዋጋ ለማንበብ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ከሁሉ የሚያምረው ምሳሌ የእስክንድርያው ነው። በግብፅ እስክንድርያ ያለው ማተሚያ ቤት ሌላ ቦታ ብዙም የማይታይ ዋጋ ያትም ነበር፦ 12 ኑሙስ። ጀርባው ላይ ሁለት ፊደል ይቆማሉ፣ ዮታና ቤታ፤ ብዙ ጊዜ በመሃላቸው መስቀል አለ። አሥርና ሁለት። በእኛ አጻጻፍ ፲፪። እስክንድርያ ለቀይ ባሕር ንግድ ቅርብ የሆነች፣ ለኢትዮጵያም ጳጳስ ይመጣባት የነበረች ከተማ ናት። ያለቀ፣ ወፈር ያለ ትንሽ ነሐስ አግኝታችሁ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከጎኑ መስቀል፣ ከዚያ ሁለት ሆድ ያለው ፊደል ጥላ ከታያችሁ፣ የንጉሡን ስም ሳታውቁ ማተሚያ ቤቱን አወቃችሁ።

ትልቁ የ40ው ሳንቲም ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ከዋናው ፊደል በታች የከተማው ስም አጭር ሆኖ ይጻፋል፤ «ኮን» የሚል ካለ ቁስጥንጥንያ ነው። አፄ ዮስጢንያኖስ በነገሠ በ12ኛው ዓመት፣ ማለትም በ538/539፣ ሌላ ነገር ጨመረ፦ በግራ «አኖ» (በላቲን «ዓመት») የሚል ቃል፣ በቀኝ የነገሠበትን ዓመት ቁጥር። የቀኙ ቁጥር 13 ከሆነ፣ ንግሥናው በ527 ስለጀመረ 13ኛው ዓመት 539/540 ነው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሳንቲም የተወለደበትን ዓመት ሊነግራችሁ ይችላል። ጠገራ ብር እንኳ ይህን አያደርግም!

አስቸጋሪዋ ትንሿ ነሐስ

ወደ ማሳዋ ሳንቲም እንመለስ። አንድ ግራም አካባቢ ናት፤ በአንድ በኩል ራስ፣ በሌላው መስቀል። እዚህ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሁለቱም አገሮች ይህን የሚመስል ነገር አትመዋል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የሮም ኑሙሶች አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ መስቀል አላቸው። አክሱምም ከንጉሥ ዔዛና በኋላ ስም የሌላት፣ «ንጉሥ» ብቻ የሚል የግሪክ ጽሕፈት ያላት፣ ጀርባዋ ላይ መስቀል ያለባት ትንሽ ነሐስ በብዛት አትማለች። ይህቺ ሳንቲም ከአክሱም ርቃ ሄዳለች፤ በግብፅም በኢየሩሳሌምም ተገኝታለች። እዚያ ከሮም ፍርፋሪ ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅላ ስትወጣ፣ ያለቀች ከሆነች በቀላሉ የሮም ተብላ ትታለፋለች።

እንዴት እንለያቸው? ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ራሱ ላይ ምን አለ? የሮም ንጉሥ በዕንቁ ያጌጠ ጥምጥም ያስራል፤ ጫፎቹ ከማጅራቱ ኋላ ተንጠልጥለው ይታያሉ። የአክሱም ንጉሥ ዘውድ ይደፋል፣ ወይም ራሱን በሻሽ ይሸፍናል። ሻሹ ከራስ ቅሉ ጋር ተጣብቆ ለስላሳ ክብ ቅርጽ ይሰጣል። ዓይንና አፍንጫ ጠፍተው እንኳ ይህ የውጭ መስመር ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈቱ በምን ቋንቋ ነው? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ በተቃራኒው ይገምታል። በዚያ ዘመን የምሥራቅ ሮም ሕዝብ በብዛት ግሪክኛ ቢናገርም፣ ሳንቲሙ ላይ ግን የሚጻፈው ላቲን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው «ጌታችን» የሚለውን የላቲን ቃል በሚያሳጥሩ ሁለት ፊደሎች ይጀምራል። በግሪክ ስሟን ትጽፍ የነበረችው አክሱም ናት! ምክንያቱም ወርቁም ነሐሱም በባሕር ንግድ ይዞር ነበር፤ የባሕሩ የንግድ ቋንቋ ደግሞ ግሪክኛ ነበር። ስለዚህ አንድ እርግጠኛ የግሪክ ፊደል፣ ለምሳሌ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ክብ (የግሪኩ «ጤታ»)፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ነሐስ ላይ ቢታያችሁ ሚዛኑ ወደ አክሱም ያጋድላል። የግዕዝ ፊደል ከታያችሁማ በቃ፣ ጥያቄው አለቀ።

ሦስተኛ፣ የወርቅ ጭላንጭል አለ? የአክሱም አንጥረኞች ሌላ ቦታ የማይታይ ጥበብ ነበራቸው፦ የነሐስና የብር ሳንቲም ላይ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ከበው ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በአጉሊ መነጽር ስታዩ በዝገቱ መሃል የማይዝግ ቢጫ ነጥብ ካለ፣ የአክሱም እጅ ነው።

«ቢሲ»፦ ግሪክ ያልሆነ የግሪክ ቃል

የአክሱም ሳንቲም ላይ ግሪክ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ትርጉም የማይሰጥ አንድ ቃል አለ። በግሪክ ፊደል «ቢሲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ስም ይከተላል። የእንዱቢስ ሳንቲም ላይ አለ፣ የዔዛናም ላይ አለ፣ የሌሎቹም። የግሪክ መዝገበ ቃላት ብትገለብጡ አታገኙትም።

እናንተ ግን ቃሉን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። «ቢሲ ... ብእሲ»። ግዕዝ ነው! ብእሲ ማለት ሰው ነው። የዔዛና ሳንቲም «ቢሲ አሌን» ሲል፣ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን የሐሌን ብእሲ ማለቱን ያስታውሰናል፤ የሐሌን ወገን ሰው እንደማለት። ግሪክኛ «ሀ»ን በፊደል ስለማይጽፍ ሐሌን «አሌን» ሆነ። እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱ «ብእሲ» ስላለው፣ ይህ መጠሪያ ለመለየት ትልቅ መሣሪያ ነው። የንጉሡ ስም ተበልቶ ከ«ቢሲ» ቀጥሎ ያሉ ሦስት ፊደሎች ቢተርፉ፣ ሰውየው ይታወቃል። ልክ የአባት ስም አንብቦ ልጁን እንደማወቅ።

የካሌብ ወርቅ ላይ ደግሞ አባቱ በግልጽ ተጽፏል፤ በአንድ በኩል «ካሌብ ንጉሥ»፣ በሌላው በኩል የታዜና ልጅ መሆኑን የሚናገር የግሪክ ጽሕፈት። ነሐሱ ላይ እየቆየ ግዕዝ ግሪክን ተካው፤ ወርቁ ግን እስከ መጨረሻው በግሪክ ቆየ። ነሐሱ ለአገር ቤት ገበያ ነበርና የአገሬው ሰው እንዲያነበው ሆነ። አንዳንዱ ደግሞ መልእክት ይዟል፦ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» ዓይነት። ስሙ «መ-ሐ-ደ-የ-ሰ» በሚሉ ድምፆች ብቻ የተጻፈ አንድ ንጉሥ ነሐሱ ላይ በግዕዝ «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» የሚል ቃል አስቀርጿል። ሐሳቡ የቆስጠንጢኖስ ነው፤ በ350 አካባቢ የሮም ሳንቲም ላይም በላቲን ወጥቶ ነበር። የኛው ንጉሥ አይቶት፣ ወድዶት፣ በራሱ ቋንቋ አሳተመው።

ወርቅ ከሆነስ?

ወርቅ ስለማይዝግ ለመለየት ይቀላል። ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት። የሮም ሶሊዱስ 4.5 ግራም ገደማ ነው፤ አፄ ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 እንዲወጣ ብሎ ወሰነው፣ ለዘመናትም አልተነካም። የአክሱም ወርቅ ያነሰ ነው፤ በእንዱቢስ ጊዜ ወደ 2.7 ግራም፣ ከዔዛና በኋላ ወደ 1.6 ግራም ወረደ። የሮም ሢሶ ሶሊዱስ 1.5 ግራም ስለሆነ እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለባችሁ። ያኔ ጀርባውን እዩ። ሮም በአንድ በኩል ንጉሥ፣ በሌላው መስቀል ወይም መልአክ ታደርጋለች። አክሱም ግን ወርቁ ላይ ንጉሡን በሁለቱም በኩል ታስቀምጣለች፤ በአንዱ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ሻሽ አስሮ። በግራና በቀኙ ሁለት የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ጤፍ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ገብስ ነው የሚለውን ክርክር ለገበሬ አባቶቻችሁ ትቼዋለሁ፤ በበኩሌ ስንዴ ይመስለኛል።

የወርቁ ጥራትም ይለያያል። ሶሊዱስ ንጹሕ ወርቅ ሊባል የሚችል ነው፤ የአክሱም ወርቅ ግን እየቆየ ብር እየተቀላቀለበት ሄደ። ይህን በአርኪሜድስ ዘዴ መለካት ይቻላል፦ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥላችሁ መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ በውሃ ውስጥ መዝኑት። 1.6 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውሃ ውስጥ 0.083 ግራም ያህል ይቀለዋል። 30 በመቶ ብር ካለበት 0.104። ልዩነቱ 0.02 ግራም ብቻ ስለሆነ የኩሽና ሚዛን ምንም አያሳይም፤ ሺኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች ኤክስሬይ ያበሩበታል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጉልበት ያለው ጨረር መልሶ ይሰጣል። ኤክስሬዩ የሚያነበው ግን የላይኛውን ስስ ንብርብር ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ከመሬት የወጣ ሳንቲም ላዩና ውስጡ አንድ ላይሆን ይችላል።

የወርቁ ጥራት ለነጋዴ ምን ማለት እንደነበር ኮስማስ የተባለ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ጽፎልናል። ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲዘጋጅ ኮስማስ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። ሶፓትሮስ የሚባል ሮማዊ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ሆኖ ወደ ስሪላንካ ሄደ። የደሴቲቱ ንጉሥ «ከእናንተ ነገሥታት የሚበልጠው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ የፋርስ ሰው ቀድሞ የራሱን አሞገሰ። ሶፓትሮስ ደግሞ «ሁለቱም ነገሥታት እዚህ አሉ፤ አወዳድራቸው» አለና የሁለቱን ገንዘብ አቀረበ። የሮሙ የሚያበራ ወርቅ፣ የፋርሱ ብር። ንጉሡ ለሮም ፈረደ። አክሱም የራሷን ወርቅ ማተሟ ምን ዓይነት አቋም እንደነበር ከዚህ ይገባችኋል፤ በዚያ ዘመን በወርቅ ላይ የራሱን ፊት የሚያስቀርጽ ንጉሥ ጥቂት ነበር።

ሚዛን የማይነግረን፦ የወጣበት ቦታ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ሳንቲሙ ላይ ያለውን ነው። ግማሹ ታሪክ ግን አፈሩ ውስጥ ነው። ሦስት ግኝቶች ላሳያችሁ።

በኤርትራ መጠራ በሚባል ጥንታዊ ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ቁፋሮ አንድ የነሐስ ዕቃ ወጣ። ውስጡ 14 የሮም ወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ከ2ኛውና ከ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከክርስትና በፊት በነበሩ ነገሥታት የታተሙ። ግን ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው ጌጥ ሆነዋል፣ አብረዋቸው የወርቅ መስቀሎች አሉ። ማለትም አንድ ቤተሰብ እነዚህን ወርቆች ከታተሙ ከረጅም ዘመን በኋላ ለብሷቸዋል። ወሎ ውስጥ ጠገራ ብር ከአንገት ሐብል ላይ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። አንድ ሳንቲም ብቻውን ገበያ ላይ ቢሸጥ ኖሮ «የ2ኛው ክፍለ ዘመን ንግድ» እንል ነበር። ከመስቀሉ ጋር ስለወጣ ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ።

በየመን አል ማድሃሪባ የተገኘው የተቀበረ ሀብት ደግሞ 1,194 የወርቅ ሳንቲም ነበረው፤ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮም። የሮሙ ሳንቲም ዘመን ስለሚታወቅ ዘመናቸው ያልታወቀውን የአክሱም ነገሥታት በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ረዳ። አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነ። ሀብቱ ተበትኖ አንድ በአንድ ተሸጦ ቢሆን ምስክርነቱ ይጠፋ ነበር።

በትግራይ ደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 አካባቢ ከመቶ በላይ የኩሻን ወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻን ዛሬ ሰሜን ህንድ፣ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ያሉበትን አካባቢ የገዛ መንግሥት ነው። እነዚህ ሳንቲሞች ለንደን ወይም ዴልሂ ውስጥ ቢታዩ ማንንም አያስደንቁም። ደብረ ዳሞ ላይ መገኘታቸው ነው አክሱምንና ህንድን ያገናኘው።

አሁን የማሳዋን ሳንቲም አስቧት። የአክሱም ሳንቲሞች በብዛት የሚወጡት ከትግራይና ከኤርትራ ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ዓባይ ጠርዝ ላይ ያለው አገራችን፣ ለአርኪዮሎጂ ገና ብዙም ያልተነካ ነው። አክሱም ከተማ ላይ አንዲት ያለቀች ነሐስ ብትገኝ ከብዙዎቹ አንዷ ናት። ያቺው ነሐስ ቦረና ማሳ ላይ፣ የወጣችበት ቦታ ተመዝግቦ ብትገኝ ግን ካርታ ትቀይራለች። ቦታው ካልታወቀ ሁለቱ ሳንቲሞች እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ዝም ያሉ።

አታጽዱት፣ አታቅልጡት

የሚያሳዝነው ነገር ሰው ሳንቲም ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሸት ነው። በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሸዋ። ለምን እንደማይሆን ላስረዳ። ነሐስ መሬት ውስጥ ሲቆይ ላዩ ወደ ዝገት ይቀየራል። ፊደሉ ያለው አሁን ዝገቱ ላይ ነው እንጂ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ አይደለም። ሎሚ አሲድ ስለሆነ ዝገቱን ሲበላ ፊደሉንም አብሮ ይበላል። የሚያብረቀርቅ ባዶ መዳብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሌላም አለ። ሳንቲሙ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ከታያችሁ «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ሊሆን ይችላል። ከአፈር የገባ ክሎራይድ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሆኖ መዳቡን ከውስጥ እየበላው ነው። ስለዚህ ነሐስን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ የአርኪሜድስ ዘዴ ለወርቅ ብቻ ነው። በደረቅ ወረቀት ጠቅልሉት፣ እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጡት።

ከዚያስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውም ይላል። በወረዳችሁ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው በር ነው። ይዛችሁ የምትሄዱት ይህ ነው፦ የማሳው ስምና ቀበሌው፣ የተገኘበት ቀን፣ ጥልቀቱ በግምት፣ አብሮ የወጣ ሸክላ ወይም አጥንት ካለ እሱም፣ እና የሁለቱም ፊት ፎቶ።

ፎቶ አነሳሱን ዛሬውኑ መለማመድ ትችላላችሁ። ከቤት ውስጥ በጣም ያለቀ የ5 ወይም የ10 ሳንቲም ፈልጉ። ክፍሉን አጨልሙ። በአንድ ስልክ ባትሪ ከላይ አብሩበት፤ ምንም አይታይም። አሁን መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊነካካ ሲቀረው አብሩበትና በሌላ ስልክ አንሱት። ከሰው ፀጉር ያነሰ ከፍታ ያለው እብጠት ጥላ ይጥላል፤ የጠፋው ፊደል ይወጣል። መብራቱን ወደ አራቱም አቅጣጫ እያዞራችሁ አራት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ የደበቀውን ሌላው ያሳያል። ክብደቱንና ስፋቱን ከጎኑ ጻፉ። ከዚያ ሳንቲሙን ለማያውቀው ጓደኛችሁ አራቱን ፎቶዎች ብቻ ስጡት፤ ምን እንደሆነ ይንገራችሁ።